አስር ሚሊዮን ይበቃል

‹‹እኔ ፎቶ አልነሳም። የግድ ከሆነ ቀሚሱን ግድግዳው ላይ ስቀሉትና እሱን አንሱት፤ ልዩነት የለውም።››

ሙዘይን ይህን የሰማው ግቢው ውስጥ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳ ፊቱን ሲታጠብ ነው። ድምፁ የሙሽራዋ ልጁ የሳብሪን ነበር። የሙሽራዋ ክፍል መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ስለተጋረደ ውስጥ ያሉት ውጭ ሰው መኖሩን አላወቁም። ቀጥሎ የሉሉ ሳቅ መጣ። ሉሉ የሙዘይን ታላቅ እህት ናት፤ ለሰርጉ ከከሰላ ከመጣች ጀምሮ ሙሽራዋን ከፀሐይ ደብቃ፣ በሰንደልና በድልካ ቅባት እያሸች፣ የቤቱን አዛዥነት ጠቅልላ ይዛለች። ‹‹አንቺ ደግሞ! የፊት ዱቄቱን ወፈር አድርገን እንቀባሽና ቀይ ሆነሽ ትወጫለሽ። እኔስ በምን የምታይ ይመስልሻል?›› አለቻት። ሳብሪን ግን አልሳቀችም። ‹‹ሳልቀባ ጥርስና ዓይን ብቻ ነኝ። ስቀባ ደግሞ ሌላ ሴት ነኝ። በሁለቱም ፎቶው ላይ የለሁም። ይቅርብኝ፣ አክስቴ።›› ሙዘይን በእፍኙ የያዘው ውሃ በጣቶቹ መሀል ፈስሶ አልቆ ነበር።

ሙዘይን በገዳሪፍ የእህል ገበያ ሰሊጥ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ፣ መከራከር ሲጀምር ጨረታ የሚጠራውን ሰውዬ ሳይቀር ዝም የሚያሰኝ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ፎቶ በተወራ ወሬ ልቡ ይነካል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ግን ተነካ። ፊቱን ሳያደርቅ ሳሎን ገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የኢድ ፎቶ ቆሞ አየው። ሚስቱ ባሕሪያ መሀል ላይ ቦግ ብላለች፤ ቀይ ሴት ናት፣ የተጠቀለለችበት ነጭ ቶቧም አግዟታል። ዳር ላይ የቆመችው ሳብሪን ግን ሰማያዊ ቀሚስ ብቻ ናት፤ ከቀሚሱ በላይ ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ ጥርስ። እሱ ራሱም ቢሆን ጀለብያና ቆብ ከመሆን አላለፈም፤ ስለ ራሱ ግን ግድ ሰጥቶት አያውቅም፤ መልኩን ገበያ አውጥቶ አይሸጠው። ይህ ፎቶ ለእንግዳ በታየ ቁጥር ‹‹ሳብሪን የት አለች? እስቲ ፈገግ በይና እንይሽ!›› እየተባለ ይሳቃል። እሱም ይስቅ ነበር። ልጅቱም አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ቆሞ ሲያስበው ያ ሁሉ ሳቅ ጎረበጠው፤ በተለይ የራሱ።

ሰርጉ ነገ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው ሂና ይቀቧታል። ለነገው አዳራሽ ባለሙያ ፎቶ አንሺ ተነግሮታል፤ የሙሽራዋ ክፍል ግን ባዕድ ወንድ አይገባበትም፤ ስለዚህ የሂናውን ፎቶ የሚያነሱት የቤቱ ሰዎች ናቸው፣ ያውም በተገኘው ስልክ። ሙዘይን ነጩን ጀለብያውን ለበሰና ወደ በሩ አመራ። ባሕሪያ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ ቀና አለች።

‹‹ወዴት ነው በጠዋቱ?››

‹‹ካሜራ ልገዛ።››

‹‹ትልልቅ ድስት ተከራይተህ ና አልኩህ እንጂ ካሜራ አልኩህ? የአገሩ ሕዝብ በካሜራ ነው የሚበላው?››

‹‹ድስቱም ይመጣል›› አለና ወጣ። ባሕሪያ ባሏን ታውቀዋለች፤ ለድስቱ የምትልከው ሌላ ሰው በልቧ መፈለግ ጀመረች።

ጊዜው የመኸር ማግስት ነበር። ከመፋዛና ከራሀድ ወንዝ ዳርቻ የመጡ የጭነት መኪኖች በሰሊጥ ጆንያ ተቆልለው መንገዱን ዘግተዋል፤ ባለ ሦስት እግር ረክሻዎቹ በመካከላቸው እየተሹለከለኩ አቧራውን ያስነሳሉ፤ በየጥጉ ሻይ የሚጠጡ ደላሎች ሙዘይንን ሲያዩ ‹‹መብሩክ! እንኳን ደስ ያለህ!›› እያሉ ይጮሃሉ። ዘንድሮ ዝናቡም ደህና ነበር፣ ሰሊጡም ዋጋ አውጥቷል፣ ልጁም ለጨዋ ሰው ልጅ ልትዳር ነው። ሙዘይን ረክሻው ላይ ሆኖ እጁን እያውለበለበ ሲሄድ የጠዋቱ ብስጭት ቀለል አለው። የአባትነት ነገር ሆኖ፣ በገንዘብ የሚፈታ ችግር ማግኘቱም ሳያስደስተው አልቀረም። በገዳሪፍ ያለውን ትልቁን ካሜራ ይገዛል፣ ልጁ ፎቶው ላይ ትታያለች፣ አለቀ።

የአኑዋር ሱቅ ስልክ፣ የባትሪ መብራትና ካሜራ የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት። አኑዋር ወላጆቹ ከመተማ ወገን መጥተው እዚሁ ገዳሪፍ የወለዱት ጎልማሳ ነው፤ አማርኛውን ጀምሮ በዓረብኛ ይጨርሳል። ሙዘይን መስተዋቱ ላይ ተደግፎ ከላይ እስከ ታች ያለውን ካሜራ ሁሉ ጠየቀ። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካሜራው ፎቶውን በስንት ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥብ እንደሚያነሳ።

‹‹ይሄ ስንት ሚሊዮን ነው?››

‹‹አሥራ ሁለት፣ አጎቴ፣ ያ አሚ።››

‹‹ይቺ ቀይዋስ?››

‹‹አሥራ ስድስት።›› ቀይዋ ቀጭን፣ የምታብረቀርቅ፣ የደረት ኪስ የምትገባ ናት። ዋጋዋ በሙዘይን ስሌት አንድ ጆንያ ተኩል ሰሊጥ ይሆናል። ‹‹ግን አሚ፣ የት ሊያነሱባት ነው?››

‹‹ቤት ውስጥ። ሂና ላይ። ሙሽራዋ ፀሐይ እንዳይነካት ክፍሉ ተጋርዷል።››

አኑዋር ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም፣ ጥቁር፣ የማያምር ካሜራ አወጣ። ‹‹እንግዲያው ይሄ ነው። አስር ሚሊዮን ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ሴንሰር፣ ማለቴ ብርሃኑ የሚያርፍበት ነገር፣ ሰፋ ይላል። ለጨለማ ቤት ወላሂ እንደሱ የለም።››

‹‹ዋጋውስ?››

የወፍራሙ ዋጋ ሦስት ጆንያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሙዘይን ፈገግ አለ። ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ ያውቀዋል ብቻ ሳይሆን ይሠራበታል። ያለፈው ዓመት ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሲቀርበት ‹‹ይሄማ ያረፈ ነው፣ ዘይቱ ረግቷል›› ብሎ ከአዲሱ አስበልጦ የሸጠበት ጊዜ አለ። ያንሳል፣ ያረጀ ይመስላል፣ ግን ይወደዳል፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሻጩ ሊገላገለው የሚፈልገው መሆኑን ለሙዘይን ማን ያስተምረዋል? ደግሞም ማንበብ ይችላል። የሁለቱንም ካርቶን አስወጥቶ መነጽሩን አደረገና የሴንሰሩን መጠን የሚናገረውን መስመር ፈለገ። ቀይዋ ላይ አንድ በሁለት ነጥብ ሦስት ይላል። ወፍራሙ ላይ አንድ በአንድ ነጥብ ሰባት።

‹‹ይኸው! ሁለት ነጥብ ሦስት ይበልጣል ወይስ አንድ ነጥብ ሰባት?››

‹‹አሚ፣ እሱ እኮ ክፍልፋይ ነው፣ ሲበዛ...›› ብሎ አኑዋር ሲጀምር ሌሎች ገዢዎች ተንጋግተው ገቡና ወሬው ተቋረጠ። ሙዘይንም ሲከራከር ሰው አፍ እስኪከፍት የሚጠብቅ አይነት አልነበረም። ቀይዋን መረጠ። ዋጋዋን ቀንስ ብሎ ቢሞግት አኑዋር አልበገር አለው። ‹‹እሺ፣ ካልቀነስክ ሁለት ሚሊዮን መርቅልኝ›› አለው።

‹‹ምን?››

‹‹አሥራ ስድስቱ ላይ። ለእናትህ ሰሊጥ ስሰፍር አንድ ጣሳ ምርቃት ጨምሬ አላውቅም?››

‹‹ያ አሚ፣ እሱ ተቆጥሮ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ሁለት ሚሊዮን ከየት አመጣለሁ?›› ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሙዘይን ግን ምርቃት ሳይቀበል ዕቃ ገዝቶ ስለማያውቅ ማስቀመጫ ቦርሳ አስጨምሮ እንደ አሸናፊ ወጣ። ድስቱን ረስቶታል።

ቤት ሲደርስ ሴቶቹ ገና አልመጡም። በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠራርጎ ገባ። ክፍሉ ውስጥ ከመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ከሚገባው ጭላንጭል ሌላ ብርሃን የለም፤ የሰንደሉና የቅባቱ ሽታ ከባድ ነው። ሳብሪን አልጋው ላይ በቀይ ነጠላ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ሉሉ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ናት። ‹‹አባ፣ ምነው ተቸገርክ?›› አለችው ካሜራውን ስታይ። ለእሱ ብላ ቀና አለች፣ ለእሱ ብላ ፈገግ አለች። መጀመሪያ በፍላሽ አነሳት፤ ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ፊቷ ላይ ያለው ቅባት እንደ ቆርቆሮ አብለጨለጨ፣ ሌላው ጠቆረ። ፍላሹን አጥፍቶ ደገመ። ሁለተኛው በካሜራዋ ትንሽ መስታወት ላይ ሲታይ ደህና ነበር። ባሕሪያም ከውጭ ተጠርታ መጥታ አየችና ‹‹ማሻአላህ›› አለች። ሙዘይን ደረቱ ተነፋ። ነገሩን ያበላሸችው ‹‹እስቲ በቴሌቪዥኑ እንየው›› ያለችው ሉሉ ናት።

ገመዱን ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኙትና ፎቶው ሰፍቶ ወጣ። የሳብሪን ፊት ላይ አንድ እፍኝ ሰሊጥ የበተኑበት ይመስል ነበር። ነጭና ቡናማ ነጠብጣብ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷን ሞልቶታል፤ ቅንድቧ ቀልጦ ከዓይኗ ጋር ተዋህዷል። ጎልቶ የሚታየው አሁንም ጥርሷ ነው። ባሕሪያ ወደ ሽንኩርቷ ለመመለስ ምክንያት ስትፈልግ፣ ሉሉ ደግሞ አንዴ ወንድሟን አንዴ መሬቱን ታያለች። ቀድማ የተናገረችው ሳብሪን ነበረች። ‹‹ደህና ነው አባ። ካሜራው አይደለም፣ እኔ ነኝ። አትጨነቅ›› አለች። ሙዘይን በሕይወቱ ብዙ ሰው ሰድቦታል፤ እንደዚህ ደግ ቃል ያመመው ስድብ ግን አልነበረም። ‹‹ያን ብርድ ልብስ ግለጡት!›› ብሎ ጮኸ። ሉሉ ክንዷን ዘርግታ መስኮቱ ፊት ቆመች። ‹‹ስንት ቀን የደከምኩበትን ገላ ለአንድ ፎቶ ብለህ ለፀሐይ ልትሰጥብኝ? እኔ ቆሜ አይገለጥም!›› ታላቅ እህት ናትና ወጥቶ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሌላ የሚሠራው ስለጠፋው ቁጥሩን ደግሞ አነበበው። አንድ በሁለት ነጥብ ሦስት። ‹‹ክፍልፋይ ነው›› ያለው የአኑዋር ቃል ያኔ ጆሮው ላይ አላረፈም ነበር፤ አሁን ግን መጣ። ሙዘይን ከንግዱ ጎን መፋዛ ላይ መሬት እየተኮናተረ የሚያርስ ሰው ነው። አንድ ሁለተኛውን ከሚወስድ ባለመሬትና አንድ ሦስተኛውን ከሚወስደው ለየትኛው የበለጠ እንደሚደርሰው በእንቅልፉም ይነግራችኋል። የታችኛው ቁጥር ሲያድግ ድርሻው ይቀንሳል! በሰሊጥ ቢሆን ማንም የማይሸውደውን ሰው በካሜራ ራሱ ራሱን ሸውዶታል። ይህ ከገባው በኋላ ደግሞ ያ ሁሉ ሚሊዮን በጠባብ መሬት ላይ የተዘራ መሆኑ ታየው። አንድ ዓመት ባለ ትራክተሩ የመዝሪያውን ቀዳዳ አለቅጥ ከፍቶት ዘሩ ተጠጋግቶ፣ ተደፍኖ በቅሎ ነበር። ሙዘይን ያን ጊዜ ብዛቱን እያየ ሲደሰት ከረመ፤ ኋላ ዝናቡ አነሰና ቡቃያው ሁሉ ለየራሱ የሚጠጣው ጠብታ አጥቶ ክር አከለ፤ ፍሬውም ገለባ ሆነ። ጎረቤቱ አራርቆ የዘራው ግን በዚያው ዝናብ ጢም ብሎ አፈራ። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዝናቡ ብርሃን ነው፣ እሱም ትንሽ ነው፤ ሉሉ ዘግታዋለች። ሙዘይን ካርቶኑን መሬት ጥሎ ብቻውን መሳቅ ጀመረ።

‹‹ምን ያስቅሃል?›› አለች ባሕሪያ። ‹‹ድስቱስ?››

‹‹ደፍኜ ዘርቼ!›› አላትና እየሮጠ ወጣ።

ሱቁ ሲደርስ መዝጊያው ግማሽ ድረስ ወርዶ አኑዋር ከጎረቤቶቹ ጋር ፉል እየበላ ነበር። ሙዘይን ጎንበስ ብሎ በሥሩ ገባ። እዚህ ላይ ነገሩ ከበደው፤ ምክንያቱም ገበያው ውስጥ ‹‹ከሙዘይን መጋዘን የወጣ አይመለስም›› የሚባል ሰው ነው፤ ያንንም እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። አሁን እሱ ራሱ በጠዋት የገዛውን ዕቃ ታቅፎ ቆሟል። ለመከራከር ያዘጋጀውን ተወው። ‹‹አኑዋር፣ ልጄ ፎቶ ላይ የለችም›› አለ። ‹‹ከልጅነቷ ጀምሮ የለችም። ነገ ትሄዳለች። ዛሬ አንድ እንኳ የራሷ መልክ ያለበት ፎቶ ካልተነሳች አባትነቴ ምን ይሠራላታል?››

አኑዋር እጁን ታጠበ። የተቀሩት ከትሪው ቀና አላሉም። ካሜራውን ተቀብሎ እንኳ ሳያገላብጠው መደርደሪያው ላይ መለሰና ከጎረቤት የእህል ሱቅ አንዲት የምስር ፍሬና አንዲት ሽምብራ ለቅሞ መጥቶ መስተዋቱ ላይ አስቀመጣቸው። ‹‹የቀይዋ ሴንሰር ይቺን ምስር ያህላል። የወፍራሙ ደግሞ ሽምብራዋን። እዚህች ላይ አሥራ ስድስት ሚሊዮን፣ እዚህኛዋ ላይ...››

‹‹ተወው፣ አንተ ልጅ፤ ገበሬ ነኝ እኮ!›› አለ ሙዘይን። ‹‹አስር ሚሊዮን ይበቃል።››

የዋጋውን ልዩነት ሳይከራከር ከፈለ። አኑዋር በዚህ በጣም ደንግጦ ምናልባት አሞት እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያም እንዳይንቀጠቀጥ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ እንዲያነሳ፣ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ሲጫን ነጩ ግድግዳ ላይ ሳይሆን የልጅቱ ፊት ላይ እንዲያነጣጥር፣ ፍላሹን ጭራሽ እንዳይነካው እየደጋገመ አሳየው። ሙዘይን እንደ ተማሪ አዳመጠ።

ሲመለስ ግቢው በሴት ተሞልቷል። ድስቱንም ባሕሪያ በሌላ ሰው አስመጥታ ወጡ እየተንተከተከ ነው። ከሙሽራዋ ክፍል የደሉካው ከበሮና እልልታው ቤቱን ሊያፈርሰው ደርሷል። ሙዘይን በር ላይ ሲንጎራደድ ቆየ፤ ሴት ሁሉ ‹‹አባት ሆኖ እንዲህ የሚቁነጠነጥ አይተን አናውቅም›› እያለ ቀለደበት። በመጨረሻ ሂናው ተቀብቶ አለቀና እንግዶቹ ለምግብ ወደ ግቢው ወጡ። ሳብሪን ብቻዋን ቀረች፤ ሂናው እስኪደርቅ እጆቿን ዘርግታ፣ እግሮቿን ትራስ ላይ አድርጋ፣ ከቦታዋ መነቃነቅ አትችልም። እንዲህ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ለፎቶ ከየት ይገኛል? ሙዘይን ባሕሪያን እጇን ይዞ አስገባት፤ ሉሉም የዱቄቱን ቆርቆሮ ይዛ ተከተለች።

‹‹ትንሽ ላድርግላት›› አለች ሉሉ።

‹‹እቴቴ፣ ይሄን አንዱን ብቻ ተይልኝ›› አላት። ሲለማመጥ ሰምታው ስለማታውቅ ቆርቆሮውን ዘጋች።

የክፍሉን በር ገርበብ አደረገው። ከሳሎኑ የሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን የሳብሪንን አንድ ጉንጭ ነካ፤ ፀሐይ አይደለምና ሉሉ አልተቃወመችም። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ፊቷ ላይ አነጣጥሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ተጫነ። ሳብሪን ፈገግ እንኳ አላለችም፤ አባቷን እያየች ነበር።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የጮኸችው ባሕሪያ ናት፤ እልልታዋ ግቢ ያሉትን ሴቶች ጉርሻቸውን አስጥሎ በር ላይ አከማቻቸው። ሰሊጡ የለም። የሳብሪን ጥቁረት አንድ ወጥ ጨለማ አልነበረም፤ ግንባሯ ላይ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ጉንጯ ላይ ሞቅ ያለ የቴምር ቀለም፣ ከከንፈሯ በታች ጠለቅ ያለ ጥላ ነበረው። ከእጇ ቆዳ ላይ የሂናው አበባ ቅጠል በቅጠል ተለይቶ ይቆጠራል። ስታስብ የምታነሳው የግራ ቅንድቧ እንኳ ተነስቶ ቀርቷል። ሳብሪን እርጥብ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ፣ በተረከዟ እየረገጠች፣ የሚከለክላትን ሁሉ ሳትሰማ ሳሎን ድረስ መጣችና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ‹‹ይቺ እኔ ነኝ?›› አለች። መልስ የሚሰጣት አልጠበቀችም። ሳቋ መጣ፤ ለሰው ብላ የምትስቀው ሳይሆን ሌላ፣ ትከሻዋን የሚያርገፈግፍ። ‹‹እኔ እኮ ቆንጆ ነኝ! አክስቴ፣ ቆንጆ ነኝ እኮ!›› ሉሉ ራሷን እየነቀነቀች፣ ዓይኗን በቶቧ ጫፍ እየጠረገች፣ ‹‹ማን አይደለሽም አለሽ?›› አለች፤ ሴቶቹም ሁሉ ‹‹እኛንም አንሱን›› ማለት ጀመሩ።

‹‹ቆይ፣ መጀመሪያ ከአባቴ ጋር›› አለች ሳብሪን። ሙዘይን ቆቡን አስተካክሎ፣ ሂናዋን እንዳይነካ ተጠንቅቆ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀምጧት ከጎኗ ተቀመጠ። ባሕሪያ እንደ ነገራት አድርጋ አነሳቻቸውና ፎቶውን ወደ ቴሌቪዥኑ አሳለፈችው። ሁለት ፊቶች ጎን ለጎን ወጡ። ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው ጫፉ ክብ ያለ አፍንጫ፣ መሀሉ ስርጉድ ያለው ያው አገጭ፤ አንዱ የሸመገለ፣ አንዱ ገና ትኩስ።

ሳብሪን ሳቋን አቆመች። አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ አባቷን፣ ከቅርብ፣ አዲስ ሰው እንደሚያዩት አድርጋ አየችው።

‹‹አባ›› አለች ዝግ ብላ፣ ‹‹ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ ‹አባቷን ቁርጥ› ሲለኝ እናደድ ነበር። ቀለሜን የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ መልኬን ነው።››

ሙዘይን ቆቡን ዳግመኛ አስተካክሎ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

‹‹ባሕሪያ፣ ድገሚው›› አለ።

‹‹ምነው? አምሮ ወጥቷል እኮ።››

‹‹ቢወጣም። ነገ ትሄዳለች፤ ድገሚው።››